«ጣለው» አልኩት

ባለፈው ሳምንት ጣሊያን አገር ሕግ የሚማር አንድ ልጅ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ በፈረንጆቹ 1500ዎቹ የታተመ የሕግ መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋኑ ግን አልቋል። አዲስ ላስለብሰው?» ይላል። መልሱ «ተው!» ነው፤ በአንድ ቃል ያልቃል። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

ቦሎኛ ስማር ነው። ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ቬኒስ የታተመ «ኢንፎርቲያቱም» አገኘሁ። የሮማ ሊቃውንትን ሕግ የያዘውን የንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስን ዲጄስታ የቦሎኛ መምህራን በሦስት ጥራዝ ከፍለው ያስተምሩት ነበር፤ ይሄ መካከለኛው ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ ስለጠፉ ርካሽ ነበር። ርካሽ ስል የአንድ ወር የምሳ ገንዘቤን በልቷል።

ስገልጠው አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ንባቡ መሐል ላይ፣ የአኩርሲዮስ ትርጓሜ ዙሪያውን በደቃቅ ፊደል፣ አርእስቱ በቀይ ቀለም። አንድምታ በሉት! አኩርሲዮስ በ13ኛው መቶ ዘመን እዚያው ቦሎኛ ያስተማረ ሰው ነው። መቃብሩ ሳን ፍራንቸስኮ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ፒራሚድ የመሰለ ጣሪያ ኖሮት ዛሬም ይታያል። ፈተና ሲደርስ ሆን ብዬ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። ረድቶኝ አያውቅም።

የገረመኝ ግን ኅዳጉ ነው። አንድ የጥንት ተማሪ በቡናማ ቀለም ሞልቶታል። ስለ ኑዛዜ የሚናገረው ክፍል ላይ ትንሽዬ እጅ ስሏል። እጅጌዋ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ጣቷ አንድ መስመር ትጠቁማለች።

እኔ ደግሞ ያኔ ንጹሕ መጽሐፍ ነበር የምወደው። ሽፋኑ አይጥ የቀማመሰው ብራና ነው። ጠራዥ ዘንድ ወሰድኩትና ቀይ ቆዳ፣ የወርቅ ጽሑፍ አዘዝኩ። ሰውየው አሮጌውን ብራና ላጥ አድርጎ ውስጡን አሳየኝ። አራት ቀያይ መስመር፣ በላያቸው ጥቋቁር አራት ማዕዘን ነጥቦች። ዜማ ነው! የዚያ ዘመን ጠራዦች ጊዜ ያለፈበትን የእጅ ጽሑፍ እየቆራረጡ ለሽፋን ያውሉት ነበር። «ትፈልገዋለህ?» አለኝ። ቸኩያለሁ፣ ሲኒማ ልገባ ነው። «ጣለው» አልኩት። የድጓ መምህር የልጅ ልጅ ሆኜ!

በሳምንቱ ስመለስ መጽሐፉ አምሮበታል። ጠርዙ እኩል እንዲሆን ዙሪያውን ከርክሞታል። የተማሪው ማስታወሻ ሁሉ ግማሽ ግማሽ ቃል ሆኗል። የእጇ ጣት አለ፤ እጅጌውም ቁልፎቹም የሉም። ጠራዡን ምን እለዋለሁ? «አሳምርልኝ» አልኩት፣ አሳመረልኝ።

የዛሬ ልጆች መጽሐፍ ገዝታችሁ ፎቶ ታነሡና ሳታነቡት ትደረድሩታላችሁ። ጥራዝ ነጠቅነት ነው እላለሁ። ይህን እላለሁ እንጂ፣ ያኔ ስልክ ቢኖረኝ የዚያ የዜማ ቅጠል ፎቶ ዛሬ እጄ ላይ ይኖር ነበር። እሺ፣ አንሡ። ሽፋኑንም፣ ውስጡንም፣ ኅዳጉንም አንሡ።

ስለ ዋጋ ክርክር አልነግራችሁም፤ መርካቶ የገበየ ሰው ያውቀዋል። የመጨረሻውን ገጽ ሳታዩ ግን አትክፈሉ። አታሚው ስሙን፣ ከተማውንና ዓመቱን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። የወረቀት እጥፋቶቹ በተራ ምልክት የተደረገባቸውን ፊደላት ዝርዝርም አብሮ ታገኙ ይሆናል፤ በዚያ ቆጥራችሁ የጎደለውን ትደርሱበታላችሁ። አንድ ስም በቀለም ተደልዞ ካገኛችሁም «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትመልሱት። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዱሙላን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የክልከላ መዝገብ ስለገባ፣ ስሙን ከመጽሐፉ ላይ የሚደልዙ ነበሩ። እኔ ድልዝ ያለበትን ከንጹሑ አስበልጣለሁ።

ለዚያ ልጅ፦ ሽፋኑን አትንካው። በልኩ የካርቶን ሳጥን አሠራለት፣ ያ ይበቃዋል። ብራናው በተላቀቀበት በኩል ግን ቀስ ብለህ በባትሪ እየው። ውስጡ ጽሑፍ ካለ ደውልልኝ። ሌሊትም ቢሆን።