አንድ ፕሮቲን፣ ብዙ ዓይነት ነርቭ

«ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለው ፕሮቲን አንድ ሆኖ ሳለ፣ በጽንሱ የነርቭ ቱቦ (በኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በሚሆነው) ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እንዴት የተለያየ ዓይነት ይሆናሉ? ፎሊክ አሲድስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?» ሲሉ ለጠየቁት ወንድማችን፣ ደሴ ላይ ሥነ ጽንስ ሳስተምር ካየሁት ተነስቼ ልመልስ።

ግራ የሚያጋባው ፕሮቲኑን እንደ ትእዛዝ መቁጠሩ ይመስለኛል። ሕዋሱ ዕጣውን የሚለየው ምን ያህል ፕሮቲን እንደደረሰውና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየበት ነው። ፕሮቲኑን መጀመሪያ የሚያመነጨው ከቱቦው ሥር የተዘረጋው ኖቶኮርድ የተባለ ዘንግ መሰል የጽንስ አካል ሲሆን፣ ቀጥሎ የቱቦው ወለል ራሱ ያመነጫል፤ በመሆኑም ወደ ጀርባ በኩል በተወጣ ቁጥር መጠኑ እየሳሳ ይሄዳል። ከጣሪያው ደግሞ ቢኤምፒና ዊንት የተባሉት ሌሎች መልእክተኛ ፕሮቲኖች በተቃራኒው ይወርዳሉ። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብለው፣ የስሜት መልእክት የሚቀበሉት ግን በጀርባ በኩል የሚሰለፉት ለዚህ ነው።

ቱቦውን ለተማሪዎቼ የማሳየው በእንቁላል ነው። የእርባታ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ አውራ ዶሮ ከሌለበት ቤት ስለሚመጣ ጽንስ አይገኝበትም፤ ከሰኞ ገበያ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል መግዛት ይሻላል። 38 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማስፈልፈያ ሁለት ቀን የቆየውን አጋድመን፣ ከነጩ ጥቂት በመርፌ ስበን፣ ቅርፊቱን በትንሽ መቀስ ስንከፍት፣ አስኳሉ ላይ የተኛው ጽንስ፣ የሚመታው ልቡና በቱቦው ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩት ሶማይቶች (በኋላ የጀርባ አጥንትና ጡንቻ የሚሆኑት የሕዋስ ጉብታዎች) ይታያሉ። መብራት ሲጠፋ የደሴ ብርድ እድገቱን ስለሚያዘገየው፣ ዕድሜውን በሰዓት ከመገመት ሶማይቶቹን መቁጠር የተሻለ ነው። ፕሮቲኑ ራሱ ግን እንዲህ በዓይን አይታይም።

ጊዜ ምን ያህል እንደሚወስን የሚያሳየው የአይዳሆ በጎች ታሪክ ነው፤ የወሎ ደጋ ልጆችም ቶሎ የሚይዙት ይህንኑ ነው። በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዚያ የአሜሪካ ግዛት አንድ ዓይና ግልገሎች ይወለዱ ነበር። ምክንያቱ እናቲቱ በእርግዝናዋ 14ኛ ቀን ገደማ የምትበላው የተራራ ተክል ሆኖ ተገኘ፤ በውስጡ ያለው ሳይክሎፓሚን የሶኒክ ሄጅሆግን መልእክት ተቀባዩ ሕዋስ ላይ ያግደዋል። ያ ወቅት ካለፈ በኋላ ብትበላው ግን ግልገሉ ሁለት ዓይን ይዞ ይወለዳል።

የፎሊክ አሲዱ ጉዳይ ሌላ ነው። እሱ የሚረዳው በቱቦው መዘጋት ላይ ሲሆን፣ የሰው ጽንስ ቱቦ ከተፀነሰ እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚዘጋ፣ ክኒኑ ከእርግዝና በፊት መጀመር አለበት።