መሸኛ፣ ቃለ ጉባኤና የሎሚው ነገር

የዚህ ሰሞን ደብዳቤዎች ከዳር ሰፈር የመጡ ይበዛሉ፤ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ፣ ከለገጣፎ። አብዛኞቹ ስለ ወረዳና ስለ ምርጫ ናቸው። የረዘመውን አሳጥሬ፣ የተቆጣውን አለዝቤ አቅርቤዋለሁ።

አንዲት አንባቢ ከአራት ኪሎ ወደ የካ አባዶ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። መታወቂያዋ ግን አሁንም የድሮው ወረዳ ነው። ፋይዳ ስላላት ሌላ ወረቀት የሚያስፈልጋት አልመሰላትም። ለምርጫ እዚያው ሄዳ ብትመዘገብ ምን ችግር አለው ትላለች።

ችግር አለው፣ እህቴ። በምርጫ አዋጁ በ1162/2011 መሠረት 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ የሚመዘገበው ቢያንስ ስድስት ወር በኖረበት የምርጫ ክልል ነው። አንቺ አራት ኪሎ የምትሄጂው ለለቅሶና ለሠርግ ነው። ፋይዳም ቢሆን ማን እንደሆንሽ እንጂ የት ሰፈር እንደምትኖሪ አይመሰክርልሽም። ከድሮው ወረዳ መሸኛ አውጪና ለአዲሱ አስገቢ። መሸኛው እጅሽ ሲገባ ከመስኮቱ ሳትርቂ እስከ አያት ስምሽ ድረስ አንብቢው። ኃይሉ የሚል ስም በሃሌታው «ሀ» ተጽፎለት ከተማውን ሁለት ጊዜ ያቋረጠ ሰው አውቃለሁ። የምዝገባው ሰሞን እስኪደርስም አትጠብቂ፤ ያን ጊዜ ሰልፉ በር ላይ አያበቃም።

ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም በሎሚ ይለቃል ወይ?

ሎሚውን ለሰላጣ አቆየው።

አንድ የቱሉ ዲምቱ አባት «የወረዳ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ባለቤቴ ሂድ ትለኛለች፣ እኔ ግን ሰልችቶኛል» ይላሉ። የሚናገሩት እነሱ፣ የሚያጨበጭቡትም እነሱ፤ እኔ ለወንበር ሙሌት ነው ወይ የምሄደው ብለው ሁለት ገጽ ጽፈዋል። ግማሹን ማተም አይቻልም።

አባባ፣ ያሉት ሁሉ ደርሶብኛል። ለሦስት ሰዓት ተጠርተን አራት ሰዓት የሚጀመረውን፣ ስም ጻፉ ተብሎ የሚዞረውን ወረቀት፣ መጨረሻ ላይ «ያነሳችሁትን ጥያቄ ወስደነዋል» የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ። ወዴት እንደሚወስዱት ባላውቅም።

ቅሬታዎ ሥር አለው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለወረዳ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠው በሚያዝያ 2005 ነበር፤ የምክር ቤቱ ዘመን ደግሞ አምስት ዓመት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 በዝናብ ተሰልፈን የመረጥነው ለተወካዮች ምክር ቤትና 138 መቀመጫ ላለው የከተማው ምክር ቤት እንጂ ለወረዳ አልነበረም። የቱቦ ክዳን የሚያስጠግነውን፣ ፋኖስ የሚያስበራውን ሰው ያን ቀን ማንም አልጠየቀንም። ስለዚህ በሁለት ምርጫ መካከል ለእኔና ለእርስዎ የቀረን ያ የሰለቸዎት አዳራሽ ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ የምኖርበት ሰፈር ከብሎኮቹ ጀርባ የሚወርድ ቦይ አለ። የግንባታ ትርፍራፊ ደፍኖት ሰኔ በገባ ቁጥር ውኃው ምድር ቤት ያሉትን ይጎበኛል። አንድ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማቸውን በፌስታል ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አምና የወሰዳችሁት ጥያቄ ይኸው ተመልሶ መጣ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፣ መድረኩም ሳቀ፣ ተበተንን።

ከወር በኋላ ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ ብዬ ሄድኩ። ሦስት ቀን ካመላለሱኝ በኋላ አየሁት። ስለ ቦዩ የተጻፈ የለም፣ ስለ ጫማው የተጻፈ የለም። ያለው «ነዋሪዎች ስለ ልማት ጠቃሚ አስተያየት ሰጥተዋል» የሚል አንድ መስመር ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ ለካ መድረክ ላይ ከተቀመጡት ጋር ስንከራከር የከረምነው በከንቱ ነው፤ ሥራ ያለው ጥግ ላይ እስክሪብቶ ይዛ ከተቀመጠችው ልጅ ዘንድ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ጎረቤቴ ከመዘጋቱ በፊት እጁን አወጣ። «ቃለ ጉባኤው ይነበብልን» አለ። እንዲህ ያለ ልማድ የለም ተባለ። ልማዱን ዛሬ እንጀምረዋለን አለ፤ ደግሞም የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 ጠቀሰ (እቤቱ ሲለማመድ እንዳመሸ ሚስቱ ነግራኛለች)። ተነበበ። ቦዩ አልነበረበትም። እዚያው ከነብሎክ ቁጥሩ እንዲገባ ተደረገ። በማግስቱ ይህንኑ ጉዳይ በማመልከቻ ጽፈን መዝገብ ቤት አስገባን፤ በእኛ ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስመታን። ከዚያ በኋላ «የምን ቦይ?» ያለን የለም፣ ቁጥሩን ስንጠራ ፋይል መፈለግ ጀመሩ።

ቦዩ ተጠረገ ወይ? ግማሹ። ግንቦት ላይ አንድ ኤክስካቫተር መጥቶ እስከ መታጠፊያው ጠረገና ሄደ። ለቀሪው ግማሽ ሁለተኛ ገቢ ቁጥር ይዘናል። ባለቤትዎ ልክ ናቸው፣ ይሂዱ። ከኋላ ሳይሆን ከጸሐፊዋ አጠገብ ይቀመጡ።

የለገጣፎው ወጣት ሥራው አዲስ አበባ፣ ፍቅረኛውም አዲስ አበባ ናት። ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ልምረጥ ይላል።

የምትመርጠው አዳርህ ያለበት ነው። ለገጣፎ በ2015 ከነቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃሏል፤ ክልሉ ኦሮሚያ ነው። ስለዚህ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለጨፌ ኦሮሚያ ትመርጣለህ። ፍቅረኛህን አግብተህ ስድስት ወር እሷ ዘንድ ከኖርክ ሌላ ነገር ነው።

«የጨረቃ ቤት ልገዛ ነው» የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል። ሻጩ ከምርጫ በኋላ ካርታ ይወጣለታል፣ የወረዳ ሰው ቃል ገብቶልኛል ብሎታል። ቀብድ ሊከፍል ቅዳሜ ተቀጣጥረዋል።

ወንድሜ፣ ቅዳሜ አትሂድ። ቃል የገባው ሰው ማን ይሁን ማን፣ ቃል ካርታ አይሆንም። በምርጫ ሰሞን የሚነገር የካርታ ወሬ ደግሞ ከዝናቡ ጋር ይመጣል፣ ከዝናቡ ጋር ይሄዳል። መንደር ውል ላይ የሚፈርሙት ሦስት ምስክሮች ዶዘር ሲመጣ አይቆሙልህም። ሌላውን ሁሉ ምክሬን ብትተው አልቀየምም፣ ይህን ግን እለምንሃለሁ፦ አንዲት ብር ከእጅህ ሳይወጣ ወረቀቱን ሁሉ ይዘህ የመሬት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ ሂድ። ደላላው ያመጣልህን ጠበቃ አይደለም፤ አንተ የፈለግኸውን። የይዞታ ማኅደሩም ስለመኖሩ ራስህ ከሚመለከተው ቢሮ ጠይቅ። ከዚያ ጻፍልኝ።

የብሎካችን ኮሚቴ ለጥበቃና ለውኃ ፓምፕ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ሒሳብ ግን አያሳይም።

ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ በሉ፣ የገቢ ደረሰኙን ጉርድ ቁጠሩ፣ ኦዲተር ምረጡ። ካስቸገሯችሁ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ደግሞ እናንተስ ኮሚቴ ሁኑ ስትባሉ ለምን ሁላችሁም ወደ ስልካችሁ ታቀረቅራላችሁ?

የ23 ዓመት ልጅ ናት፤ ለምክር ቤት መወዳደር ትፈልጋለች፣ እናቷ ግን ገና ልጅ ነሽ ይሏታል።

ዕጩ ለመሆን 21 ይበቃል። በግል ከሆነ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ ስላለብሽ ዝርዝሩን ከምርጫ ቦርድ ጠይቂ። የመጀመሪያዋን ፊርማ ከእናትሽ።

ስብሰባ ያልመጣ፣ ያልመረጠም ይቀጣል ይባላል፤ እውነት ነው?

ውሸት ነው። በአገራችን መምረጥ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፣ የወረዳ ስብሰባ መቅረትም አያስቀጣም። ከእድር ጋር አምታትተኸው ይሆናል፤ እድሩ ይቀጣሃል።