ከቀዶ ጥገና በፊት ስለሕመም መዘጋጀት፦ የሰመመን ሰጪ ባለሙያ ምላሾች

ጥያቄ፦ እናታችን በመጪው ሳምንት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል። ታላላቆቼ «ስለ ሕመሙ ከነገርናቸው ይፈራሉ» ይላሉ። ዝም ማለቱ ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። የታላላቆችዎ ሐሳብ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም፣ መንገሩ እንደሚጠቅም ከታየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1964 በታተመና ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በተደረገ ጥናት፣ የሆድ ቀዶ ጥገና የሚጠብቃቸው 97 ታካሚዎች በሁለት ተከፈሉ። ሰመመን ሰጪው ለአንደኛው ወገን ብቻ ሕመሙ የት እንደሚሰማና ምን ያህል እንደሚጠነክር፣ በቁስሉ ሥር ያሉ ጡንቻዎች ሲኮማተሩም እንደሚብስ አስረድቶ፣ ጡንቻን ማላላትንና በጥልቅ መተንፈስን አስተማራቸው። እነዚህ ታካሚዎች በኋላ የወሰዱት ሞርፊን (ብርቱ የሕመም ማስታገሻ) የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር፤ ለማን ምን እንደተነገረ የማያውቁት ቀዶ ሐኪሞችም በአማካይ 2.7 ቀን ቀድመው ወደ ቤታቸው አሰናበቷቸው። በእኔ ግምት ያልተነገረው ሰው ሲያመው «ስፌቱ ተፈታ» ብሎ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ሆዱን ይቋጥራል፤ የተቋጠረው ሆድ ደግሞ ሕመሙን መልሶ ያብሰዋል። ከዝምታም የሚከፋው «ምንም አያምዎትም» ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የምንነግራቸውን ሌላውን ነገር አያምኑንም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በቤት ውስጥ ምን እናለማምዳቸው?

መልስ፦ ሦስት ነገር ይበቃል። ትራስ ሆዳቸው ላይ ጫን አድርገው አቅፈው ማሳልን፣ በጥልቅ መተንፈስን፣ እንዲሁም ከአልጋ ሲነሡ ጉልበታቸውን አጥፈው በጎን ዞረው በክንዳቸው እየተደገፉ መቀመጥን ይለማመዱ። ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ይህን ለማስተማር መሞከር አስቸጋሪ ነው። በተጨማሪም ነርሷ ሕመማቸውን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እንደምትጠይቃቸው አስቀድመው ይወቁ። እዚህ ላይ ብዙ እናቶቻችን 8 የሚሆነውን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያልፉታል፤ ምስጋናው እንዳለ ሆኖ ቁጥሩን ግን በትክክል ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ልጄን በኦፕራሲዮን ልወልድ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የወገቡ መርፌ ሲለቀኝ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ወረደብኝ። እንዳይደገም ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ የወገብ መርፌ ማደንዘዣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚለቅ፣ ማስታገሻው የሚጀመረው እርስዎ ሲጮኹ ሳይሆን መርፌው ሳይለቅ መሆን አለበት። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሰመመን ሰጪው ያለፈውን በግልጽ ይንገሩትና ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክን የመሳሰሉት በሰዓታቸው እንዲታዘዙልዎ፣ በሆስፒታሉ የሚሰጥ ከሆነም በወገቡ መርፌ ውስጥ ጥቂት ሞርፊን እንዲጨመር ወይም የሆድ ግድግዳ ነርቮች እንዲደነዝዙ ይጠይቁ። የጨጓራ ቁስለት፣ አስም ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ ዲክሎፌናክ ላይስማማዎ ስለሚችል ይህንንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ አባቴ ለጉልበታቸው ትራማዶል ከወሰዱ ዓመት አልፏቸዋል፤ ለሐኪሙ መናገር ግን ያፍራሉ። የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው። ሰውነታቸው መድኃኒቱን ስለለመደ የተለመደው መጠን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ላያስታግስላቸው ይችላል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት በራሳቸው ፈቃድ በድንገት ቢያቋርጡት ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ሊከተል ይችላል። የሚወስዱትን ክኒን እስከ ማሸጊያው ይዘው ይቅረቡ፤ ሐኪሙ ፊት መናገር ካፈሩ፣ ሰመመን ሰጪው ለብቻቸው ሲያነጋግራቸው ይንገሩት።