600 ሺህ ብርሽን በአንድ ወረቀት አትቆልፊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአዘዞው የቤተሰብ ቤት ሽያጭ 600 ሺህ ብር ደርሶሻል፤ ለልጆች ትምህርት ቤትና ለቤት ወጪ በየጊዜው የሚገባ ገንዘብ ትፈልጊያለሽ፤ አንድ ባንክ ሙሉውን ለአንድ ዓመት በ12 በመቶ አስቀምጪ ብሎሻል። ወለድ ይጨምራል የሚልም፣ ይቀንሳል የሚልም ሰምተሽ ግራ ገብቶሻል። በዚህ ነገር ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰው ብሩን ሲያጣ ስላየሁ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

1. ከመቶኛው በፊት ስለ ጊዜው ጠይቂ። ሁሉም ሰው መስኮቱ ጋ ደርሶ «ስንት ትከፍላላችሁ?» ነው የሚለው። መጠየቅ ያለበት ብሩ ለስንት ጊዜ ይታሰራል፣ ጊዜው ሲያልቅ በምን ወለድ ይታደሳል፣ ቀድሜ ባወጣው ምን ይቀርብኛል የሚለው ነው። ረጅም ጊዜ መታሰር ምን እንደሚያደርግ ከባንኮቹ ከራሳቸው ተማሪ። በ2015 ዓ.ም. ከሚያበድሩት ብር 20 በመቶ በሚያህል የአምስት ዓመት የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ መመሪያ ወጣባቸው፤ ወለዱ 9 በመቶ ነበር። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለዱን፣ ማለት የገበያውን ወለድ የሚመራበትን ዋጋ፣ 15 በመቶ አደረገ። ቀድሞ የገባው ብር ግን ያው 9 ላይ ታስሮ ቀረ። ባንክን ያህል ተቋም እንዲህ ከተያዘ አንቺ በአንድ ቀን ውል ሁሉንም ብር የምታስሪበት ምክንያት የለም።

2. ብሩን ከፋፍይው። 100 ሺውን በመደበኛ ቁጠባ ተይው። የመደበኛ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ሆኗል፤ ትንሽ ነው፣ ግን ብሩ በፈለግሽ ሰዓት ይወጣል። ቀሪውን 500 ሺህ አራት ቦታ በ125 ሺህ ክፈይና በጊዜ ገደብ አስቀምጪው፦ አንዱን ለ3 ወር፣ አንዱን ለ6፣ አንዱን ለ9፣ አንዱን ለ12 ወር። እያንዳንዱ ሲደርስ ወለዱን ወስደሽ ዋናውን ለ12 ወር ታድሺዋለሽ። ከአንድ ዓመት በኋላ በየሦስት ወሩ አንድ ወረቀት፣ ማለት አንዱ የጊዜ ገደብ ውል፣ ይደርስልሻል። በ12 በመቶ ብናስበው በየሦስት ወሩ 15 ሺህ፣ በወር 5 ሺህ ማለት ነው፤ ግብር ሳይቀነስ። ወለድ ከጨመረ በሦስት ወር ውስጥ አንዱ ሩብ በአዲሱ ዋጋ ይገባል። ከቀነሰ ደግሞ ሦስቱ ሩብ በድሮው ዋጋ ላይ ይቆያሉ። የመጀመሪያው ዓመት ግን ይከብዳል፤ መጀመሪያ የሚደርሰው 3,750 ብር ብቻ ነው፣ ቀጥሎ 7,500፣ ከዚያ 11,250። የአጭር ጊዜው ወለድ ከ12 በመቶ ካነሰ ከዚህም ይወርዳል። ያ 100 ሺህ የተተወው ለዚህ ጭምር ነው።

3. ውሉን አንብቢ። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቀድሞ ለሚያወጣ ሰው ውሉ ብዙ ጊዜ ወይ ወደ ቁጠባ ወለድ ይወርዳል፣ ወይ ወለዱ ጭራሽ ይቀራል። 500 ሺውን በአንድ ወረቀት አስረሽ በ11ኛው ወር ሕመም ወይም ሠርግ ቢመጣ፣ በ12 በመቶ የጠበቅሽው 55 ሺህ በ7 በመቶ ሲታሰብ 32 ሺህ ገደማ ይሆናል። ወደ 23 ሺህ ብር ሄደ። አራት ወረቀት ቢኖርሽ ግን የምትሰብሪው አንዱን ነው፤ ጉዳቱም ስድስት ሺህ አይሞላም። ባንኩ ለአራት ወረቀት ሥራ ይበዛብናል ካለሽ አትስሚው፤ ብሩ ያንቺ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ እድሳቱ ነው። ቅጹ ላይ ጊዜው ሲያልቅ ምን ይሁን የሚል ቦታ አለ፤ ባዶ ከተውሽው አንዳንዱ ባንክ ወደ መደበኛ ቁጠባ ያወርደዋል፣ አንዳንዱ በዕለቱ ባለው ዋጋ ለተመሳሳይ ጊዜ መልሶ ያስረዋል። ሁለቱም አይበጁሽም። «ሲደርስ ወለዱ ወደ ቁጠባ ሒሳቤ ይግባ፣ ዋናው እኔ ሳልፈርም አይታደስ» ብለሽ አስጽፊ። ቀኑን ስልክሽ ላይ መዝግቢ፣ ከሳምንት በፊት ሄደሽ ተደራደሪ።

ፒያሳ አካባቢ ያሉ አንዳንድ ቅርንጫፎች የውል ቅጂ ሲጠየቁ ፊታቸው ይጠቁራል፤ «ሲስተሙ ላይ አለ» ይላሉ። ይህ በጣም ያናድደኛል። ያረጀች እናት የዕድሜ ልክ ገንዘቧን ይዛ ቆማ ስሟ ያለበት ወረቀት የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ወለዱ፣ የሚደርስበት ቀን፣ ቀድሞ ቢወጣ የሚታሰብበት መንገድ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ቅጂ ሳትይዢ ከወንበሩ አትነሺ።

ድርድሩስ? መስኮት ላይ ያለችው ልጅ የመጨመር ሥልጣን የላትም፤ ሥራ አስኪያጁን ጠይቂ፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ለበላይ ጽፎ ነው የሚያስፈቅደው። ሁለት ሦስት ባንክ የሰጡሽን ዋጋ በወረቀት ይዘሽ ሂጂ። የባንኮች በጀት ዓመት ሰኔ ላይ ስለሚዘጋ በግንቦትና በሰኔ ተቀማጭ ያሳድዳሉ። ስለዚህ ከአራቱ ወረቀት ቢያንስ አንዱ ሰኔ ላይ እንዲደርስ አድርገሽ ጀምሪ፤ የምታድሺው እነሱ በተራቡበት ሰዓት ይሆናል።

ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጩ የሚከፍለው የተቀማጭ መድን ፈንድ የሚሸፍነው ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ነው። በአንድ ባንክ አራት ወረቀት መያዝ አራት ጊዜ መድን አይሆንም፤ በሁለት ወይም በሦስት ባንክ አድርጊው።

የግምጃ ቤት ሰነድ ጥሩ ነው፤ መንግሥት ነው የሚበደርሽ። 28፣ 91፣ 182 እና 364 ቀን አለው። ወለድ በየወሩ አይከፍልም፤ በቅናሽ ገዝተሽ ሲደርስ ሙሉውን ትቀበያለሽ። ለምሳሌ 15 በመቶ ቢሆን የ91 ቀን 100 ብር ሰነድ 96 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ይገዛል። ዋጋው በጨረታ ስለሚወሰን የወለድን አካሄድ ከሐሜት ይልቅ እዚያ ተመልከቺ፦ በተከታታይ ጨረታ ከወረደ ባንኮችም ሊያወርዱ ነው፣ የአንድ ዓመቱን ቶሎ እሰሪ። ከወጣ የሦስት ወሩን አብዢ። ለመግዛት ባንክሽን ጠይቂ፣ ወይም በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ሂጂ፤ ፈቃዱን ሳታዪ ለማንም ደላላ ብር አትስጪ።

አክሲዮን ለትምህርት ቤት ክፍያ አይሆንም። የትርፍ ድርሻ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሒሳብ ተመርምሮ ጠቅላላ ጉባኤ ካጸደቀ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ላይመጣም ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ስለሰጣቸው ትርፉን በጥሬ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ወደ አክሲዮን የቀየሩ አሉ። «20 በመቶ ሰጠ» ሲሉሽም መቶኛው የሚሰላው በአክሲዮኑ የመጀመሪያ ዋጋ ላይ ነው። የ1,000 ብሩን አክሲዮን ከሰው በ1,400 ከገዛሽው 200 ብር ለአንቺ 14 በመቶ ገደማ ነው። አክሲዮን ካልሽ የማትነኪው ብር ይሁን፤ ከዚህ 600 ሺህ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ብር አይታየኝም።

ስለ ቤት በአጭሩ። በ600 ሺህ ቤት አይገዛም፤ ተበድረሽ ልግዛ ካልሽ ደግሞ ሒሳቡ አይወጣም። 4 ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት ማራኪ ላይ በወር 15 ሺህ ቢከራይ በዓመት 180 ሺህ ነው፤ 4.5 በመቶ፣ ግብርና ጥገና ሳይነሳለት። የቤቱ ዋጋ ያድጋል የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንቺ የጠየቅሽው ግን በየጊዜው የሚገባ ገንዘብ ነው፣ የባንክ ብድር ወለድም ከ4.5 በመቶ በብዙ ይበልጣል።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር አለ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ቁጠባ 7 ነበር የሚከፍለው። ኑሮው ከወለድሽ በላይ በሚወደድበት ዓመት ወለዱን በሙሉ ከበላሽ ዋናው እየሟሸሸ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ 15 ሺህ ቢያንስ 3 ሺውን ከሚታደሰው ዋና ጋር ጨምሪው፤ ወጪውን በ12 ሺህ አብቃቂ።

ነገ ጠዋት ባንክ ስትሄዲ መታወቂያሽንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን ያዢ፤ ከመፈረምሽ በፊት የውሉን ባዶ ቅጽ ወስደሽ ቤት አንብቢው። ያልገባሽን አንቀጽ ስምሽን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።