ሁለት ኮምፒውተር፣ ሁለት የቼዝ ፕሮግራም፦ 12 ለ 8 ምን ይነግረናል?

ከጎንደር፣ ከማራኪ የጻፈልኝ ልጅ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። እሱ ኮር አይ3 ላፕቶፑ ላይ ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም አለው። ጓደኛው ደግሞ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ባለው ዴስክቶፕ ላይ ሊላ ቼስ ዜሮ የሚባለውን ሌላ የቼዝ ፕሮግራም ጭኗል። በየቤታቸው ሆነው፣ ለአንድ ሙቭ 10 ሰከንድ እየሰጡ፣ ሙቩን በቴሌግራም እየተላላኩ 20 ጨዋታ አጫወቷቸው። ሊላ 8 አሸነፈ፣ 4 ተሸነፈ፣ 8 አቻ ወጣ። በነጥብ 12 ለ 8 መሆኑ ነው። «ጋሼ፣ ጓደኛዬ ሊላ ይበልጣል ብሎ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። እውነቱን ነው? ካርድስ ልግዛ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ይሳሳት አይሳሳት ከዚህ ውጤት አይታወቅም። አንዱ በባጃጅ፣ ሌላው በእግሩ ከአዘዞ ፒያሳ መጥተው ማን ጎበዝ ሯጭ እንደሆነ ስትከራከሩ ነው የሰነበታችሁት።

መጀመሪያ ምን እንደምታወዳድሩ ወስኑ። ፕሮግራሙን ከፕሮግራሙ ነው ወይስ ፕሮግራምና ማሽኑን አንድ ላይ? ሁለተኛው ከሆነ ምንም ማስተካከል አያስፈልግም፣ የጓደኛህ ዕቃ ካንተ ዕቃ ይሻላል ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። ፕሮግራሙን ከሆነ ግን ማሽኑን ከመንገድ ማውጣት አለባችሁ።

ሁለቱም ፕሮግራሞች በሲፒዩ፣ ማለትም በዋናው ፕሮሰሰር፣ የሚሠሩ ቢሆኑ መላው ቀላል ነበር። ስቶክፊሽን ለብቻው ከፍተህ ቤንች የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍለትና እንተር በል። የታወቁ ቦርዶችን ፈትሾ ሲጨርስ ከታች ስንት ኖድ (የፈተሸው የቦርድ አቀማመጥ ማለት ነው) እንዳየና በሰከንድ ስንት ኖድ እንደሄደ ያወጣልሃል። ቨርዥኑ አንድ ከሆነና በአንድ ትሬድ (በአንድ የሥራ መስመር) ካስኬድከው ጠቅላላው የኖድ ብዛት በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ከተለያየ የጫናችሁት ፋይል አንድ አይደለም ማለት ነው፣ እዚያው አቁሙ። የሚለያየው ፍጥነቱ ነው። ላፕቶፕህ በሰከንድ 600,000 ኖድ፣ ዴስክቶፑ 1,200,000 ቢሄድ፣ ለዴስክቶፑ 3 ደቂቃ ስትሰጥ ለላፕቶፑ 6 ትሰጣለህ። የቼዝ ፕሮግራሞችን ደረጃ የሚያወጣው ሲሲአርኤልም እንዲህ ነው የሚያደርገው፦ አንድ ማሽን መለኪያ አድርጎ ይይዝና የሌላውን ማሽን ሰዓት በእሱ ልክ ያስተካክላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ቤንች ቶሎ ያልቃል፣ ላፕቶፕ ደግሞ የሚፈተነው ሲግል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይፈነጥዝና ሙቀቱ ሲወጣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ቀስ ያደርጋል። ስለዚህ ጥልቀቱን (ስንት ሙቭ ወደፊት እንደሚያይ) ጨምረህ ብዙ ደቂቃ እንዲሠራ አድርግና የጋለበትን ቁጥር ያዝ። የእኛ አገር መብራት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑ ይጠፋል፣ ያንን ታየዋለህ፤ ላፕቶፑ ግን ወደ ባትሪ ዞሮ ድምፁን አጥፍቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ማንም ልብ አይልም። መብራት የሄደበትን ጨዋታ ሰርዝ፣ ቀለም ተቀይሮ የተጫወቱትን ጥንዱንም ጭምር።

አሁን ወደ ሊላ። የሊላ ሥራ በዋናነት የሚሠራው ጂፒዩው ላይ፣ ማለትም ግራፊክስ ካርዱ ላይ፣ ስለሆነ በስቶክፊሽ ቤንች አይለካም። በሰከንድ የሚያዩትን ኖድ ማወዳደርም ዋጋ የለውም፣ አንዱ ብዙ ኖድ በጥድፊያ ያያል፣ ሌላው ጥቂት ኖድ አመዛዝኖ። በ2017 (በፈረንጆቹ) አልፋዜሮ የሚባለው የጉግል ፕሮግራምና ስቶክፊሽ 8 ሲገጥሙ አንዱ በሰከንድ 80 ሺ፣ ሌላው 70 ሚሊዮን ገደማ ቦርድ ያዩ ነበር፣ ያሸነፈው ግን ባለ 80 ሺው ነው፦ ከ100 ጨዋታ 28 አሸንፎ 72 አቻ። ያኔም ጭቅጭቁ እንደ እናንተው ነበር። አልፋዜሮ 4 ቲፒዩ የሚባሉ የጉግል ቺፖች ነበሩት፤ ስቶክፊሽ 64 ትሬድ ተሰጥቶት ሀሹ (ያየውን የሚያስታውስበት ሜሞሪ) 1 ጊጋባይት ብቻ፣ ሰዓቱም ለእያንዳንዱ ሙቭ ቁርጥ 1 ደቂቃ። ስቶክፊሽ ደግሞ ቀላሉ ቦታ ላይ ሰዓት ቆጥቦ አስቸጋሪው ላይ ረዘም አድርጎ ማሰብ ያውቃል፣ ያ ተከለከለ። እናንተም በ10 ሰከንዳችሁ ያንኑ ነው ያደረጋችሁት።

እኔ ብሆን ሁለቱንም የጓደኛህ ዴስክቶፕ ላይ እጭናቸው ነበር። ስቶክፊሽ ሲፒዩውን፣ ሊላ ካርዱን ይዘው ኪዩትቼስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይጋጠሙ፤ ቴሌግራሙም ይቀራል። ተጋጣሚ ሲያስብ አብሮ የሚያስበውን ፖንደር አጥፉት፣ ሊላም ሲፒዩ ትነካለችና ይሻማሉ። ሰዓቱ ለሙሉ ጨዋታ ይሁን፣ ለምሳሌ 3 ደቂቃ ሲደመር በሙቭ 2 ሰከንድ። ለፕሮሰሰሩ የሚስማማውን የስቶክፊሽ ፋይል ምረጡ፤ ኤቪኤክስ2 (ስሌት የሚያፋጥን የፕሮሰሰር ችሎታ) ያለው ማሽን ላይ የድሮውን ፋይል መጫን በገዛ እጅ ማዘግየት ነው። መክፈቻዎችን (የጨዋታውን የመጀመሪያ ሙቮች) እናንተ ስጧቸው፣ እያንዳንዱንም ነጭና ጥቁር እየቀያየሩ ሁለት ሁለቴ ይጫወቱት። ይህም ቢሆን ውጤቱ የሚናገረው በዚያ ሲፒዩና በዚያ ካርድ ነው፤ ካርዱ ሲቀየር መልሱም ሊቀየር ይችላል።

ብዛቱ ደግሞ አለ። 8፣ 4 እና 8 የሚለውን ውጤታችሁን ሳሰላው ሊላ በ45 ኢሎ (የቼዝ ብቃት መለኪያ ነጥብ ነው) ከማነስ ጀምሮ በ200 ገደማ እስከ መብለጥ ድረስ ሁሉም ይቻላል። ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ግማሹ አቻ የሚወጣ ከሆነ 100 ጨዋታ ወደ 50 ኢሎ ግራና ቀኝ ያጠብበዋል፣ 400 ጨዋታ ደግሞ ወደ 25። ማታ ከፍታችሁት ተኙ።

ካርዱን አትግዛ። መጀመሪያ ነገር ላፕቶፕህ ውስጥ የሚገጠም ካርድ የለም። ጨዋታህን ለመተንተን አይ3 ላይ ያለው ስቶክፊሽ ከበቂ በላይ ነው፣ ከማንም ሰው ይበልጣል። ብር ማውጣት ካማረህ ላፕቶፑን አስከፍተህ ፋኑን አስጠርግ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት አስቀይር፣ ከዚያ ቤንቹን ድገመው።