«ዘወትር የጾም ምግብ የምበላ ከሆነ ጾሜ የቱ ነው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር መብላት ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በዘመኑ አጠራር ቪጋን ነኝ። ያቆምኩት ስለ ጤናዬ ብዬ አይደለም። ዶሮዎች በጠባብ የሽቦ ሳጥን ታጉረው፣ ጥጃም ገና እንደ ተወለደ ከእናቱ ተነጥሎ የሚያሳይ ፊልም አይቼ ልቤ ስለ ተነካ ነው። ወንድሜ «መብልን የሚከለክሉ የተባሉት አንቺን የመሰሉት ናቸው» እያለ የጢሞቴዎስን መልእክት ይጠቅስብኛል። እኔም ዝም አልልም፤ ባለፈው በዓል ማዕድ ላይ «ሬሳ እየበላችሁ ነው» ብዬ እናቴን አስለቅሻለሁ። በአንድ ሠርግ ላይ ደግሞ እንቁላል ያለበት ኬክ ሳላውቅ በልቼ ሳለቅስ አደርኩ። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ ነው፦ ጾም ሲገባ በእኔ ማዕድ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ጾም ሲፈታም እንዲሁ። ታዲያ ጾምኩ ይባላል? በቅርቡም ላገባ ነው፤ እጮኛዬ ሥጋ ይበላል። ልጅ ብንወልድስ በማን ሥርዓት ይደግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። ወንድምሽ በጠቀሰው ጥቅስ እንጀምር፤ እርሱ ቶሎ ይቋጫል። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥3 የሚወቅሳቸው ሰዎች መብልን ብቻ ሳይሆን ጋብቻንም የሚከለክሉ ናቸው። ጥፋታቸው እግዚአብሔር ፈጥሮ መልካም ያለውን ርኩስ ማለታቸው ነው። ሥጋ አለመብላት ብቻውን ከእነርሱ ጋር አያስቆጥርም፤ እንዲያማ ቢሆን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥጋ ሳይቀምሱ ያለፉ የገዳም አባቶች ሁሉ ተከሳሾች በሆኑ ነበር። በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ጥንታውያን ቀኖናትም ይህንኑ ይለያሉ፤ ከሥጋና ከወይን የራቀ ካህን፣ የራቀው ለተጋድሎ ከሆነ አይነቀፍም፤ ተጸይፎ ከሆነ ግን ወይ ይታረማል፣ አለዚያ ከሹመቱ ይሻራል። ስለዚህ ወንድምሽ ጥቅሱን አልሳተም፣ ሰውየውን ነው የሳተው። እናትሽ ባርካ ያቀረበችውን ማዕድ «ሬሳ» ባልሽበት ሰዓት ግን ጥቅሱ ዞሮ አንቺን ማየት ጀምሯል።

ለእንስሳት ማዘንሽ ከመጽሐፍ ቅዱስ የራቀ አይደለም። በዘፍጥረት 1፥29 ለሰው የተሰጠው ምግብ ዘር የሚሰጥ ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነው። ሥጋ በግልጽ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ሲሆን፣ ያውም ደሙን እንዳይበላ ተከልክሎ ነው። ኢሳይያስ የሚመጣውን ሰላም ሲያሳይ አንበሳ እንደ በሬ ገለባ ሲበላ አሳይቶናል። ሕጉም የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ይላል፤ ወፍ በጎጆዋ ላይ ብትገኝ እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አትውሰድ ይላል፤ የሰንበት ዕረፍት ለበሬና ለአህያም ነው ይላል። ነነዌ ንስሐ ስትገባ ከብቱም አልተሰማራም፣ ውኃም አልጠጣም፤ እግዚአብሔርም ለዮናስ ለከተማዋ ስለ ማዘኑ ሲነግረው ግራና ቀኛቸውን ከማያውቁት ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቀጥሎ «እጅግ ብዙ እንስሶች»ን ጠቅሷል። ጠቢቡም «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ብሏል። ለእንቁላል ተብለው በሚረቡ የዶሮ ዘሮች ዘንድ ወንዶቹ ጫጩቶች በብዙ አገር በተፈለፈሉ በመጀመሪያው ቀን እንደሚገደሉ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል አንብቦ ቢደነግጥ እኔ አላርመውም። ሰው በፍጥረት ላይ የተሾመው እንዲገዛ እንጂ እንዲያሠቃይ አይደለም።

ሁለት ነገር ብቻ ላቃና። ከቪጋኖች መካከል «ጌታችንም ሥጋ አልበላም» የሚሉ አሉ። ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ከተጠበሰ ዓሣ አንድ ቁራጭና ከማር ወለላ ሰጡት፣ ተቀብሎም በፊታቸው በላ፤ ሉቃስ 24፥42 እና 43 ነው። አንቺ ከተውሻቸው ነገሮች ሁለቱ በአንድ ቁጥር መገኘታቸውን ልብ በዪ። የፋሲካውንም በግ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሊበላ እጅግ እንደ ተመኘ ራሱ ተናግሯል። ሁለተኛው፣ እንስሳን ማረድ ሰውን ከመግደል ጋር እኩል ነው የሚለው አነጋገር ነው። ጌታ አንዲት ድንቢጥ እንኳ ያለ አባታችሁ ፈቃድ አትወድቅም ባለበት ቦታ ላይ ወዲያው «ከብዙ ድንቢጦች እናንተ ትበልጣላችሁ» ብሏል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው። ስለ ቆዳ ጫማና ስለ ሱፍ ልብስ የሚነሣውን ክርክር ለሕሊናሽ እተዋለሁ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ግን በእስር ቤት ሆኖ ጢሞቴዎስን በብራና የተጻፉትን መጻሕፍት አምጣልኝ ብሎታል፤ ብራና ደግሞ የእንስሳ ቆዳ ነው።

አሁን ወደ ጾምሽ። ጾም ሲገባ የሚለወጥ ነገር የለም ብለሻል። በምግቡ ዓይነት በኩል እውነት ነው፤ ለዘወትር የተውሽውን ነገር በጾም ወራት እንደ አዲስ መሥዋዕት መልሰሽ ልታቀርቢው አትችዪም። ብዙዎች እንዳንቺ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ እንኳ አያነሡትም፤ «እኔ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነኝ» ብለው ያልፉታል። ጾመኛ አይደሉም። ጠዋት ተነሥቶ በኦቾሎኒ ቅቤ የተለወሰ የአጃ ገንፎ የሚበላ፣ ምሳውን በሰዓቱ የሚመገብ፣ ማታ ከአኩሪ አተር የተሠራ «ሥጋ» የሚጠብስ ሰው እንስሳን አልጎዳ ይሆናል፤ ጾሟል ግን አይባልም።

ጾም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል ነው። ጊዜ አለው፣ መጠን አለው፣ ጸሎትና ምጽዋት አብረውት አሉ። አባ እንጦንስን ተመልከቺ። ሥጋና ወይን ፈጽሞ አይነካም ነበር፤ ምግቡ ኅብስትና ጨው፣ መጠጡ ውኃ ነበር። ታዲያ እርሱ ጾሙን በምን ለየ? በሰዓትና በመጠን ነዋ! በቀን አንድ ጊዜ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይመገብ ነበር፤ አንዳንዴም ሁለት ቀን እያሳለፈ። ነቢዩ ዳንኤልንም እንዲሁ። ቪጋኖች ከመጽሐፈ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ይወዱታል፤ ዐሥር ቀን ጥራጥሬ በልቶና ውኃ ጠጥቶ ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ይልቅ ፊቱ አምሮ ተገኝቷልና። ምዕራፍ 10ን ግን ማንም አይጠቅሰውም። በዚያ ሦስት ሳምንት ሲያዝን ማለፊያ ምግብ አልበላሁም፣ ሥጋና ጠጅም በአፌ አልገባም፣ ዘይትም አልተቀባሁም ይላል። ከዚያ ጊዜ ውጭ ይበላ እንደ ነበር ከራሱ አነጋገር ይታወቃል። ለጾሙ ጊዜ የተለየ ነገር ተወ ማለት ነው፤ ከምግብ አልፎ የሰውነት ቅባት እንኳ ሳይቀር።

ስለዚህ አንቺም ለጾሙ ወራት የምትለዪውን ያዢ። መጀመሪያ ሰዓቱን፤ ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን እስከ ሰጠበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አለዚያም ሰውነትሽ በሚችለውና የንስሐ አባትሽ በሚወስኑልሽ ሰዓት ቆዪ። ቀጥሎ በልማድ የሚጣፍጥሽን ተዪ፤ ሥጋ የሚመስለውን፣ ዓይብ የሚመስለውን፣ ከለውዝ የተጨመቀውን ወተትና ከእርሱ የሚሠራውን ጣፋጭ። እነዚህ በዋጋቸውም ቀላል አይደሉም፤ ሳትገዢያቸው የተረፈው ገንዘብ በኢሳይያስ 58 እንደ ተጻፈው ለተራበ ይሂድ። ሌላም አለ፣ እርሱም ከሁሉ የሚከብድሽ ይመስለኛል። ከሥጋ በላተኞች ጋር በስልክሽ ላይ ስትከራከሪ የምታመሽበትን ሰዓት ጹሚ። አንድም ፊልም ሳታጋሪ፣ አንድም ሰው ሳትዘልፊ ጾሙን ጨርሺ። ከማዕድሽ ይልቅ እዚያ ላይ ረኃቡ ይሰማሻል።

ጾም ሲፈታስ? በትንሣኤ ሥጋ ብላ ተብሎ የታዘዘ ክርስቲያን የለም። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፤ ይህ ማለት ግን ሥጋ ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ጠዋት ተመገቢ፣ ከቤተሰብሽ ጋር ተቀመጪ፣ ደስ ይበልሽ፤ በበዓል ማዕድ ላይ ፊትን አጥቁሮ መቀመጥ ግን ሥርዓት አይደለም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰው ቤት ስትጠሪ ማብራራቱ እየሰለቸሽ «ጾም ላይ ነኝ» የምትዪ ከሆነ ተዪው። ሐሰት ነው፤ የቤተ ክርስቲያንንም ጾም መሸፈኛ ማድረግ ነው። ከመሄድሽ በፊት ለባለቤቲቱ «ይህን ይህን አልበላም፣ ምንም እንዳትቸገሪልኝ» ማለት ይበቃል።

እንዳንቺ ያለው ጥያቄ አዲስ አለመሆኑንም ልንገርሽ። የቪጋኖች ማኅበር በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ነው፤ ክርክሩ ግን በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በታናሿ እስያ ጋንግራ በምትባል ከተማ ጳጳሳትን ሰብስቧል። በዚያ ዘመን ከተባሕትዎ ወገን ነን የሚሉ ሰዎች ተነሥተው ሥጋ የሚበላ ምእመን ተስፋ የለውም ይሉ ነበር። የሚገርመው፣ እነዚሁ ሰዎች እሑድ ይጾማሉ፤ ቤተ ክርስቲያን በአንድነት የምትጾመውን ጾም ግን ይንቃሉ። ጉባኤው በእምነትና በሥርዓት ሥጋ የሚበላውን የሚኮንን ሰው የተወገዘ ይሁን አለ። በመጨረሻም ውግዘቱ በትሕትና ከሥጋ በሚርቁት ላይ ሳይሆን ተጋድሎን የትዕቢት ምክንያት በሚያደርጉት ላይ መሆኑን አስረዳ። ቅዱስ ጳውሎስም ለሁለቱም ወገን ሕግ ሰጥቷል፦ «የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፣ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ»። የመጀመሪያው ለወንድምሽ፣ ሁለተኛው ለአንቺ። እናትሽን ይቅርታ ጠይቂ፤ ከተቻለሽ በሚመጣው በዓል ራስሽ ለሁሉም የሚበቃ ምግብ ሠርተሽ አቅርቢ፤ ከክርክርሽ ይልቅ ይሰማል።

ሳታውቂ የበላሽው ኬክ ኃጢአት አይደለም። ስለት ተስለሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ካልተሳልሽ ወደ ፊትም አትሳዪ፤ መክብብ «ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል» ይላል። በዚህ መንገድ ጀምረው የተዉ ሰዎችን አይቻለሁ። አብዛኞቹ የወደቁት ሥጋ አምሯቸው አይደለም፤ በአንድ ጉርሻ «ተበላሸ» ብለው ሁሉን ስለ ጣሉት ነው። በዳቦ ውስጥ የወተት ዱቄት፣ በጣፋጭ ውስጥ የእንስሳ ቅባት ሊኖር ይችላል፤ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቢ፣ ያመለጠሽን እርሺውና ቀጥዪ።

ጋብቻውን በተመለከተ፣ ሥጋ መተውን የጋብቻ ቅድመ ሁኔታ አታድርጊው። ማን ምን እንደሚያበስል፣ ድስቱና ጭልፋው ይለይ አይለይ፣ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚቀርብ ከሠርጉ በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ስንት ትዳር ግን በወጥ ቤት ጉዳይ እንደሚታወክ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። የጾም ቀን ሲሆን ደግሞ አንድ ማዕድ ላይ ትገናኛላችሁ፤ ለሌላ ሰው ያልተሰጠ ዕድል ነው።

ስለ ሰውነትሽ የሚናገረው ሐኪም ቢሆንም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ቸል ሲባል ስላየሁት ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት በሚያስተማምን መጠን አይገኝም። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ሆኖም ጉበት ያከማቸው ለዓመታት ሊያቆይ ስለሚችል ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። እጅና እግር መደንዘዝ፣ ድካምና ደም ማነስ ሲመጣ ዘግይቷል፤ የነርቭ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ በኪኒን ወይም ቫይታሚኑ በተጨመረበት ምግብ አሟዪው። ምስርና ባቄላ ስትበዪ ብርቱካን ወይም ሎሚ አብሮ ቢኖር ብረቱ በደንብ ይዋሐድሻል፤ ሻይና ቡናን ከምግቡ ሰዓት አርቂ። አዮዲንና ካልሲየምንም ሐኪምሽን ጠይቂ። ስታረግዢና ስታጠቢ ግን ይህ የግል ምርጫሽ መሆኑ ያበቃል፤ ቢ12 ያጣች እናት የምታጠባው ሕፃን ራሱ ይጎዳልና ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በሐኪም ክትትል ሁኚ። የልጁ አመጋገብ የሁለታችሁ ውሳኔ ነው፤ ሐኪሙ እንቁላል ወይም ወተት ያስፈልገዋል ካለ ይሰጠው። ቫይታሚኑ የሚሠራው በባክቴሪያ ስለሆነ ከእንስሳ የመጣ ነው ብለሽ አትስጊ፤ የኪኒኑ ሽፋን ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ጄላቲን የተሠራ ከሆነ ሌላ ዓይነት ካለ ጠይቂ፣ ከሌለ ግን በጾምም ቢሆን እንደ መድኃኒት ዋጪው።