መልስ፦ የብረት መፈለጊያው የቀበሩትን ሳንቲም ለምን አላገኘም?

ፒያሳ ባለው ግቢዎ፣ በቆርቆሮ አጥሩ ሥር፣ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ የቀበሩትን ሃምሳ ሳንቲም የብረት መፈለጊያዎ ስላላገኘው መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠይቀዋል። በመጀመሪያ ተመሳሳይ ሳንቲም ወደ ማግኔት ያስጠጉ፤ ከተሳበ ውስጡ ምስማር የሚሠራበት ዓይነት ብረት ስለሆነ፣ ይህን ዓይነቱን ብረት እንዲዘል የተስተካከለ መሣሪያ እንደ ምስማር ቆጥሮ በዝምታ ሊያልፈው ይችላል።

በእኔ ግምት ግን ዋናው ጥፋተኛ አጥሩ ነው፤ የቆርቆሮው ምላሽ የትንሿን ሳንቲም ምልክት ይውጠዋልና (በከተማችን አፈር ውስጥ የማይጠፋውን ቆርኪ ሳንቆጥር)። ስለዚህ ከአጥሩ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀው፣ ቦታው ከማንኛውም ብረታ ብረት ንጹሕ መሆኑን አስቀድመው አስሰው፣ መሣሪያውንም ከአፈሩ ጋር አመጣጥነው (የአፈሩን የራሱን ምልክት ችላ እንዲል አስተካክለው)፣ ሳንቲሙን በጠፍጣፋ ጎኑ አስተኝተው በ5፣ ቀጥሎም በ10 ሴንቲሜትር ይሞክሩ። ማርያ ቴሬዛ ብር ካለዎት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝንና አብዛኛው ንጹሕ ብር ስለሆነ፣ በእሱ መጀመር ይሻላል፤ እሱንም በ5 ሴንቲሜትር ካላገኘው ያን ጊዜ መሣሪያውን ይጠርጥሩ።